«ተዉት፣ ያጭስ» ማለት ለወላጅ ማዘን ነውን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የታመመን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካሉት ሐቆች አንዱ ነውና አንተም በየጊዜው ሕመምተኛ ቤት ትገባለህ። ሕመምተኛው አባወራ ከሆነና የሲጋራ ሱስ ካለበት ደግሞ ከአልጋው ዙሪያ አንድ ንግግር ሳትሰማ አትወጣም። «ተዉት፣ ያጭስ! ከእንግዲህ ምን ይጠቅመዋል? ያለችውን ቀን ደስ ብሎት ይኑር» ይባላል። ይህን የሚናገረው ጠላት አይደለም። የበኩር ልጁ ነው፣ ሚስቱ ናት፣ የዕድር ጓደኛው ነው፣ ሊጠይቀው የመጣ ጎረቤት ነው። የሚናገረውም አዝኖለት ነው።

እኔ የምሞግተው ይህንኑ አዘኔታ ነው። ሐኪም ሳንባው ወይም ልቡ ተጎድቷል ያለውን አባት ከነሲጋራው መተው ለወላጅ በጎ መዋል አይደለም። ተስፋ መቁረጥ ነው። ለወላጅ በጎ መዋል ማለት በለሰለሰ አንደበትና በማይሰለች ትዕግሥት ሱሱን እንዲተው መርዳት ነው። ጊዜውም አላለፈም።

እኔ በአየር ጤና ሕፃናትን ቁርአን የማስቀራ መምህር ነኝ። የሰፈራችን ስም አየርንም ጤናንም አጣምሮ ይዟል። ነገር ግን በስንቱ ቤት ነው ብርድ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቶ፣ አባት አልጋው ላይ እየሳለ የሚያጨሰው? በዚያችው አንዲት ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ነፍስ ያድራል። ደርስ ዘግይቶ የመጣውን ሕፃን ለምን ዘገየህ ስትለው «አባዬ ሲጋራ ልከውኝ ነው» ይልሃል። እናቱ ለመድኃኒት ወደ ፋርማሲ፣ አባቱ ለሲጋራ ወደ ሱቅ ይልኩታል። ልጁም በአንድ እጁ መድኃኒቱን በሌላ እጁ በሽታውን ይዞ ይመለሳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። ለሕፃኑ የሚሸጥለት ባለሱቅ ሕግ ይጥሳል፤ የሚልከው ወላጅ ደግሞ ልጁን ከወዲሁ የሱሱን በር ያስለምደዋል።

«ከእንግዲህ ምን ይጠቅመዋል?»

የመጀመሪያው ስሕተት የዕውቀት ስሕተት ነው። ብዙ ሰው ሲጋራ ጉዳቱን አንዴ አድርሶ የጨረሰ፣ ከዚያ በኋላ ቢያጨሱትም ቢተዉትም ለውጥ የሌለው ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው አንድ ሰው ማጨስ ባቆመ በ20 ደቂቃ ውስጥ የልቡ ምትና የደም ግፊቱ ዝቅ ማለት ይጀምራሉ። በ12 ሰዓት ውስጥ በደሙ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ወደ ጤናማ መጠን ይወርዳል። ይህ ጋዝ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ሲነድ ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። በደም ውስጥ ገብቶ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። እንግዲህ ትንፋሽ አጥሮት በትራስ ተደግፎ ለተቀመጠ ሰው ይህ ጋዝ ከደሙ መውጣቱ ምንም አይጠቅመውም ትላለህን?

በዚህ አያበቃም። ከ1 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ ይቀንሳሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ የልብ ደም ሥር በሽታ አደጋው ከሚያጨስ ሰው አደጋ ወደ ግማሽ ያህል ይወርዳል። ልቡን ድንገት አሞት የተረፈ ሰው ሲጋራውን ቢተው ሕመሙ ዳግም የሚመጣበት ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስኳር ያለበት ሰው ሲያጨስ የእግሩ ደም ሥር ይበልጥ ይጠብባል፣ ቁስሉም አልድን ይላል። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው ቢተው ቁስሉ ቶሎ ይጠግጋል። የካንሰር ሕመምተኛ እንኳ ሲተው ሕክምናው የተሻለ ይሠራለታል።

በእንግሊዝ አገር ሰር ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምረው የአገሪቱን ሐኪሞች ለ50 ዓመት ተከታትለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ውጤት በ50 ዓመቱ ማጨስ ያቆመ ሰው በአማካይ 6 ዓመት፣ በ60 ዓመቱ ያቆመ ደግሞ 3 ዓመት ያህል ዕድሜ እንደሚያተርፍ አሳይተዋል። ዕድሜ በአላህ (ሱ.ወ.) እጅ መሆኑን እናምናለን። ጥናቱ የሚነግረን አላህ በፍጥረቱ ላይ ስላኖረው ሰበብ ነው። እያንዳንዱ ሕመምተኛም ይህንኑ ያህል ያገኛል ማለት አይደለም። ሆኖም እስቲ አስበው፣ ሦስት ዓመት ምን ያህል ነው? ሦስት ረመዳን ነው። አባት የልጁን ኒካሕ ራሱ ወሊይ ሆኖ የሚያስርበት ጊዜ ነው። ሦስት ጊዜ ሳያርፍ መስጂድ የሚደርስበት፣ ቆሞ የሚሰግድበት ጊዜ ነው። ይህን «ምን ይጠቅመዋል?» ብሎ የሚጥል ሰው የማንን ገንዘብ ነው የሚጥለው?

«አጀሉ ከደረሰ አይቀርለትም»

ሁለተኛው ንግግር የቀደርን ስም ይዞ ይመጣል። ለመሆኑ ይህን የሚለው ሰው ቤቱ ሲቃጠል በቀደር ብሎ ይቀመጣልን? ልጁ ወባ ሲይዘው መድኃኒት አይገዛምን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች እንዲታከሙ ማዘዛቸው፣ አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማውረዱንም መናገራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለው ቦታ ሳሉ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ፤ ሰዎቹንም ይዘው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነውን ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሄዳቸው መሆኑን አስረዷቸው። እንግዲህ ማጨስ ቀደር ከሆነ መተውም ቀደር ነው። ቀደርን ለሲጋራ ብቻ የሚጠቅስ ሰው የሚጠብቀው ሱሱን ነው።

ደግሞስ ትንሣኤ ሲመጣ እንኳ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክል የመከሩን ነቢይ ኡመት አይደለንምን? የሚተከለው ችግኝ ፍሬ የሚሰጥበት ቀን እንደሌለ እየታወቀ መትከሉ መልካም ሥራ ከሆነ፣ አንድ ሽማግሌ በዕድሜው ማምሻ ከመጥፎ ነገር እጁን ማንሣቱ እንዴት ከንቱ ይሆናል? የተውበት በር ነፍስ ጉሮሮ እስክትደርስ ክፍት ነው። አባትህ በዚህ በር እንዲገባ አትመኝለትምን?

«መክሩህ ነው እንጂ ሐራም አይደለም»

ሦስተኛው ደግሞ የፊቅህ ክርክር ይከፍታል። ትምባሆ ወደ ሙስሊሙ ዓለም የገባው በአሥረኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ስለሆነ የቀደሙት ኢማሞች ስለ እርሱ አልተናገሩም። በኋላ የመጡ ዑለማኦች ተለያዩበት፦ ሐራም ያሉ አሉ፣ መክሩህ ያሉ አሉ፣ የፈቀዱም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1731 ያረፉት የደማስቆው ዐብዱልገኒ አንናቡሉሲ ከፈቀዱት ወገን ነበሩ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን በእነርሱ ዘመን የትምባሆ ጉዳት እንደ ዛሬው አልታወቀም። ሲጋራና የሳንባ ካንሰር የተያያዙ መሆናቸውን የሚያሳዩት ታላላቅ ጥናቶች የወጡት እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ጉዳቱ ከተረጋገጠ በኋላ ብይኑ ጠበቀ። የማሌዢያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1995፣ በኢንዶኔዢያ ሙሐመዲያ የተባለው ትልቅ ኢስላማዊ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ሐራም መሆኑን አስታውቀዋል።

እሺ፣ ክርክሩን ለጊዜው እንተወው። የምንነጋገረው ስለ ጤነኛ ሰው አይደለም። ሐኪሙ «ይህ ነገር ይገድልሃል» ብሎ ስለነገረው ሰው ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል፣ በሱረቱ ንኒሳእ ራሳችንን እንዳንገድል ከልክሎናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ራስን መጉዳትንም ሌላውን መጉዳትንም ከልክለዋል። ለጤነኛ የተፈቀደ ማር እንኳ ሕመምተኛውን እንደሚጎዳው በእርግጥ ከታወቀ ይከለከላል። ታዲያ በሲጋራ ላይ ምን የሚያከራክር ነገር ቀረ?

የጭሱ ጉዳት በአጫሹ ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል። ከእነዚህ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ራሳቸው ሳያጨሱ የሌላ ሰው ጭስ የሳቡ ናቸው። በአንዲት ክፍል የሚያድሩት ሕፃናት ከእነዚህ ወገን ናቸው።

«አባትን ማን ያዛል?»

አራተኛው ንግግር ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ከአደብ የመጣ ነውና። እውነት ነው፣ አባት አይታዘዝም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ ለወላጅ የምሬት ቃል እንኳ ማሰማትን ከልክሏል። ነገር ግን ማዘዝ ሌላ፣ መለመን ሌላ ነው። ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) አባታቸውን ከጣዖት ሲመልሱ ምን እንዳደረጉ በሱረቱ መርየም አንብብ። አራት ጊዜ በአባትነት እየጠሩ ተማጸኑ። አባትየው በድንጋይ ሊወግራቸው ሲዝት እንኳ በሰላም ተሰናብተው ምሕረት እንደሚለምኑለት ቃል ገቡ። ዝም አላሉም፤ አልጮሁምም።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) እናታቸውን ወደ ኢስላም ሲጠሩ ክፉ ቃል ተናገረቻቸው። እርሳቸው ግን አልተጣሏትም። እያለቀሱ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሄደው ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቁ፤ ቤት ሲመለሱም እናታቸው እየታጠበች አገኟት፣ ሰለመችም። የአቡ በክር (ረ.ዐ.) አባት አቡ ቁሓፋም የሰለሙት መካ በተከፈተችበት ዓመት፣ ፀጉራቸው ፍጹም ነጭ ከሆነ በኋላ ነው። ሰው በዚያ ዕድሜ ሃይማኖቱን ከለወጠ «ሽማግሌ አመሉን አይተውም» የምንለው ከየት አምጥተን ነው?

በሌላ በኩል አንዳንድ ልጅ አለ፤ ገና ከበሩ ሲገባ «አሁንም ታጨሳለህ? ልትገድለን ነው?» ብሎ በእንግዳ ፊት አባቱን ያዋርዳል። ይህ ምክር አይደለም። የኦስማኑ ሱልጣን ሙራድ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1633 ትምባሆን በሞት ቅጣት ከልክሎ ነበር። በአገራችንም አፄ ዮሐንስ 4ኛ በትምባሆ ላይ ከባድ ቅጣት ያስፈጽሙ ነበር። ሁለቱም አልፈዋል፤ ትምባሆው ግን አለ። ንጉሥ በሰይፍ ያላስተወውን ልጅ በጩኸት አያስተወውም።

ቁጣ ካለህ ወደሚገባው ቦታ አዙረው። አባትህ በወጣትነቱ የጀመረው ነገር ኒኮቲን የተባለ ሱስ አስያዥ ነገር እንዳለበት ማን ነገረው? የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 ከመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2017 ደግሞ ተጨማሪ ድርሻ በ434 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ድርሻውን ወደ 71 ከመቶ ገደማ አድርሷል። በዚያው በ2016 በአገራችን በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰ ነጋዴ ዓይኑን በአምስቱ ላይ ብቻ የጣለ ይመስልሃልን? ከአልጋ ወደ ሱቅ የሚላከውን ሕፃን አያይምን?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የምትመክር አንተ ራስህ የምታጨስ ከሆንክ ከራስህ ጀምር። «አባዬ፣ አብረን እንተወው» የሚል ልጅ ቃሉ ይሰማል። ኪሱ ውስጥ ፓኮ ይዞ የሚመክር ልጅ ግን አይሰማም።

ሁለተኛ፣ አባት የሚወደውንና የሚሰማውን አንድ ሰው ምረጡ። ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ወንድሙ ወይም የመስጂድ ጓደኛው ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ እንደ ችሎት አይቀመጥበት። ብቻውን ሆኖ ሳሉ ጋብ ባለለት ሰዓት «አባዬ፣ እኛ እርስዎን ገና አልጠገብንም» ብሎ ይጀምር። በሞት ከማስፈራራት ይልቅ በመኖር ማጓጓት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ከሐኪም ጋር ተማከሩ። ከአየር ጤና ወደ መሃል ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ አለርት ሆስፒታል አለ፤ ጤና ጣቢያዎችም አሉ። ሐኪሙ ስለ ሲጋራው ካልጠየቀ እናንተ አንሡለት፤ ኒኮቲንን የሚተካ መድኃኒት ይኖር እንደሆነም ጠይቁ። አንዳንድ መድኃኒት ሰው ማጨስ ሲተው መጠኑ ሊስተካከል ይገባዋልና መተዉን ሐኪሙ ይወቀው። ቤት ውስጥ ኦክሲጅን ለሚወስድ ሰው ደግሞ በአጠገቡ ክብሪት መጫር ራሱ እሳት ነው።

አራተኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እወቋቸው። ብስጭቱና እንቅልፍ ማጣቱ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይበረታል፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። በእነዚህ ቀናት ቢቆጣ፣ ሳህን ቢገፋ፣ የሚናገረው ሱሱ ነውና ቻሉት። ትንሽ ምግብ ቶሎ ቶሎ አቅርቡለት፤ ብቻውን አትተዉት። ቁርአን ቅሩለት፣ የድሮ ጨዋታ አስጀምሩት። ከወደቀና አንዲት ካጨሰ አትሳለቁበት፤ በማግሥቱ እንደገና ጀምሩ።

አምስተኛ፣ ስለ ጫቱም እውነቱን እንናገር። በብዙ ሙስሊም ቤት ሲጋራው የሚጎተተው በጫቱ ነው። በርጫው ተዘርግቶ፣ ጓደኞች በጭስ ቤቱን ሞልተው፣ ሕመምተኛውን «አንተ ብቻ አታጭስ» ማለት የተራበን ሰው ከማዕድ ዳር አስቀምጦ አትብላ እንደማለት ነው። ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ፓኮውን ከበር ውጭ ይተው። ሕመምተኛን የሚጠይቅ ምንዳ የሚያገኘው ሕመሙን ሲያቀልለት ነው። ጋያ የምትስብ ወይም ሺሻ የለመደች እናት ባለችበት ቤትም ነገሩ ይኸው ነው።

ስድስተኛ፣ «አልችልም» ለሚል አባት ረመዳንን አስታውሱት። ጤነኛ ሳለ ስንት ዓመት ጾሟል? በየቀኑ ከፈጅር እስከ መግሪብ 13 ሰዓት ያህል ሲጋራ ሳይነካ ውሏል። ያንን ያስቻለው ኒያ ነው፣ የአላህም እገዛ ነው። አሁን በሕመሙ ምክንያት ላይጾም ይችላል፤ ኒያው ግን አልታመመም።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሐኪሞች የቀረው ቀናት ብቻ ነው ያሉት፣ በጣር ላይ ያለ ሰው ካለ፣ በዚያ ሰዓት ክርክር አይገባም። ያ ጊዜ ሸሃዳ የማስታወስ፣ ከንፈሩን የማራስ፣ እጁን የመያዝ ጊዜ ነው። ግን ራሳችንን አናታልል። «ተዉት» የሚባለው በጣር ላይ ላለ ሰው ብቻ አይደለም። ገና ወሮችና ዓመታት ሊኖሩት ለሚችል፣ ሻይ ጠጥቶ ከደጅ ለሚቀመጥ ሰው ነው የሚባለው። እነዚያን ወሮች ሳንታገልላቸው አሳልፈን፣ ሲሞት ድንኳን ተክለን፣ ሰደቃ አብልተን እናለቅሳለን። ለለቅሶው የሚዋጣው ገንዘብና የሚሰበሰበው ሰው ለሕክምናው ቀን የት ነበር?

ወንድሜ ሆይ! እህቴ ሆይ! ወላጅህ በሕፃንነትህ እጅህን ወደ እሳት ስትሰድ ምን አደረገ? «ተዉት፣ ደስ ይበለው» አላለም። እጅህን ያዘ፤ አለቀስክ፣ እርሱ ግን አልለቀቀህም። ዛሬ እጁ ወደ እሳት የሚሄደው የእርሱ ነው፤ ልዩነቱ አንተ እንደ እርሱ መጎተት የማትችል መሆንህ ነው። መለመን ግን ትችላለህ። ዱዓ ማድረግ ትችላለህ። ሌሊት አብረኸው መንቃት ትችላለህ። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገባ ሕፃኑን ወደ ሱቅ መላኩን አስቀር፤ መስኮቱን ክፈት፤ ከአባትህ አልጋ አጠገብ ተቀመጥና ጀምር።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙ ወላጆቻችንን ያሽርልን፣ ከሱስ እስራት ይፍታልን፣ ልሳናችንንም ለእነርሱ ያለስልሰው። ኣሚን። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።